የአዴ ዙቤዳ ምራቅ

ደክሞኛል። ታሪኩን ከዚህ ብጀምረው ይሻላል፤ ያን ቀን በክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ያልደከመው ሰው አልነበረምና። ሀኪሙ ደክሞታል፣ በሽተኛው ደክሞታል፣ በሩ እንኳ ሲከፈት ያቃስታል። ወሩ ጥር ነው፣ ዘመኑ ሃምሳ ሁለት። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አቧራውን እያነሣ የአሰላን ሰው ሁሉ አንድ መልክ አስይዞታል። እንዲያውም አንዱ ባል ከገበያ የሰው ሚስት አስከትሎ ቤቱ ገብቶ፣ ያወቀው ፊቷን ስትታጠብ ነው አሉ። እኔ አላየሁም፤ የነገረኝ ግን ባልየው ራሱ ነው።

ስሜ አሰግድ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ፣ አምስተኛን በመስኮት አይቼ ተመልሻለሁ። በክሊኒኩ ሥራዬ ተራ ማስከበርና ማስተርጎም ነበር። ሀኪሙ ኦሮምኛ አያውቅም፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው አብዛኛው አማርኛ አይሰማም፤ እኔ መካከላቸው ቆሜ የሁለቱም አፍ እሆናለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቁርጠት ስትናገር ከዋልክ ማታ የራስህ ሆድ ይቆርጥሃል። ስለዚህ ወረፋ ለያዘው ሰው አንዳንድ ነገር ጣል አደርግ ነበር፤ ጥርሱን ያመመው የጢቾ ጅብ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተራ ይዞ እንደነበረ፣ በአርቦዬ ቆላ ደግሞ ከሙቀቱ የተነሣ ዶሮዎቹ የተቀቀለ እንቁላል እንደሚጥሉ። ሰው ሲስቅ ወረፋው ያጠረ ይመስለዋል። ሀኪም ወልደጻድቅ ግን አይስቅም። "አሰግድ፣ ውሸትህን ቀንስና በሽተኛ ጥራ" ይላል። ጎንደር ተምሮ ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ ጠግቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቀትር አለፍ እንዳለ ከዲክሲስ በኩል አንድ ጭፍራ ሰው በሩ ላይ ደረሰ። መካከላቸው በቅሎ ላይ የተቀመጡ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ከሲታ ሴት አሉ።

"በሽተኛው የትኛው ነው?" አልኩ።

"መንገዱ ያላሳመመው የለም፤ የምትታየው ግን እሷ ናት" አለች ራቢያ የምትባል ጎረቤታቸው። አንደኛው ጉንጯ በጫት ተወጥሮ ድንች የያዘች ትመስላለች።

በቅሎዋ ላይ ያሉት አዴ ዙቤዳ ናቸው። አዴ ማለት በአርሲ እናት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴት ሁሉ እንዲሁ ይጠራል። ከጎናቸው ልጃቸው ጠይባ ቆማለች፤ የእናቷን በቅሎ ልጓም ይዛ የእናቷን ፊት አታይም። በቅሎዋን የሚነዳው የሟች ባላቸው ወንድም ከዲሮ ነው፤ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ሲናገር በዱላው መሬት የሚወጋ ሰው።

"ያ አሰግድ፣ ለሀኪሙ እንዲህ በለው" አለኝ ከዲሮ፤ 'ያ' በኦሮምኛ 'አንተ' እንደ ማለት ነው። "ይህች ሴት ወንድሜ ሲቀበር አንድ እንባ አልወጣትም። ያልፍላታል ብለን ዝም አልን። አምና የእህቷን ልጅ ስትመርቅ ምራቅ አልወጣትም። አሁን ዓርብ ጠይባን ልንድር ነው። የሙሽራው ወገን ነገሩን ሰምቷል። 'እናቷ ቂም ይዛ የምትሸኛትን ልጅ ቤታችን አናስገባም' ብለዋል። በሽታ ከሆነ ሀኪሙ በሽታ ነው ይበል። ልቧ ከሆነ ደግሞ ልቧ ነው ይበል፤ እሷ ጓሮ ትቀመጥና ጠይባን የእኔ ሚስት ትመርቃታለች።"

ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። በዚያ አገር ምርቃት በቃል ብቻ አያልቅም። የሚመርቅህ ሰው ቱፍ፣ ቱፍ ብሎ ራስህን ካላረጠበልህ ቃሉ ከጥርሱ አላለፈም። ደረቅ ምርቃት የተቀበለ ሰው ደግሞ ከብት ቢሞትበት ከዚያ ነው፣ ልጅ ቢታመምበት ከዚያ ነው። እኛም ከሸዋ የመጣን ሰዎች ልጆች እንደዚያው አድገናል፤ የእኔን ራስ የአክስቶቼ ምራቅ ባያለሰልሰው ኖሮ ይህን ያህል ፊደል እንኳ አይገባበትም ነበር።

አዴ ዙቤዳ ከበቅሎ ሲወርዱ የእጃቸው ጣቶች መገጣጠሚያ ላይ አብጠው አየሁ።

ሀኪሙ ዘንድ አስገባኋቸው። ጠይባ፣ ራቢያና ሌሎቹ ጎረቤት ሴቶችም አብረው ገቡ፤ በሽተኛ ብቻውን ሲገባ አይተው አያውቁም። ከዲሮ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን ይሰማዎታል?" አለ ሀኪም ወልደጻድቅ፤ ዓይኖቹን እያሸ ነው።

"አፌ ዱቄት የያዘ ይመስለኛል" አሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው። "ሌሊት ውሃ አጠገቤ ካላደረ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ያድራል።"

"በሶ ይበላሉ?"

"በሶማ ጠላቴ ሆኗል። ቆሎም ትቻለሁ። የገብስ ጩኮ ብቻ፣ እሱም ቅቤው ሲበዛለት፣ ተንሸራቶ ይወርድልኛል።"

ሀኪሙ ባትሪውን አብርቶ አፋቸውን አስከፈተ። እኔም ከትከሻው በላይ አየሁ፤ አስተርጓሚ ሁሉን ማየት አለበት። ምላሳቸው ቀልቶ፣ የበጋ ፀሐይ እንደሰነጠቀው ጥቁር አፈር ተተልትሏል። ጥርሶቻቸው ከድዳቸው ሥር ቡናማ ሆነው ተበልተዋል። ሀኪሙ የምላስ መጫኛዋን እንጨት በጉንጫቸው ውስጠኛ በኩል ለጠፍ አደረገና እጁን ለቀቀ። እንጨቷ አልወደቀችም። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለች ቀረች።

"ጌታዬ፣ ሙጫ ውስጥ ነክረዋት ነው?" አልኩ።

"ዝም በል።"

ቀጥሎ ከጆሯቸው ፊት ለፊት ጉንጫቸውን በሁለት ጣቱ እየጫነ ወደ አፋቸው ወደፊት ገፋ፤ ላም የሚያልብ ይመስላል። ጉንጫቸውን ገልብጦ በባትሪው ያያል፣ እንደገና ይጫናል፣ ያያል።

"እዚህ ጋ የምራቅ ጠብታ መውጣት ነበረበት" አለ ለራሱ። ከዚያ ከመደርደሪያው ጠባብ ብርጭቆ አወረደ። "ንገራቸው፤ እንዳይውጡ። አንገታቸውን ደፍተው አፋቸው ውስጥ የሚመጣውን ሁሉ እዚህ ውስጥ ይትፉ። እኔ ይበቃል እስክል።"

ነገርኳቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አጎነበሱ። ሴቶቹም ትንፋሻቸውን ይዘው አብረዋቸው አጎነበሱ። ምንም የለም። ጠይባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በዚህ መሐል ውጭ ጩኸት ሆነ። የእነ ከዲሮ በቅሎ ወረፋ ላይ የቆመ አንድ ገበሬን ጭኑን ረግጣዋለች። ሀኪሙ እያዘገመ ወጣ፣ እኔ፣ ከዲሮና ጠይባም ተከተልነው። ሰውየውን በፋሻ ካሰርን፣ በቅሎዋን በገመድ ካሰርን፣ "ማንን ነው መጀመሪያ ማሰር የነበረብን?" ብዬ ማንም ሳይስቅልኝ ከቀረ በኋላ ተመለስን።

ብርጭቆው ሞልቷል። አረፋው ከአፉ ተርፎ በጎኑ ይወርዳል።

ሀኪሙ ብርጭቆውን አነሣ፣ አየው፣ አስቀመጠው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "እንግዲህ ምን ልበል? ይህን ያህል ምራቅ ያለው ሰው አፉ አልደረቀም። ጭንቀት ይሆናል። ሂዱና ዕረፉ በላቸው።"

ገና ሳልተረጉመው ከዲሮ ከበሩ ሰማ። እሱ አማርኛ ይሰማል።

"አላልኩም?" በዱላው መሬቱን ወጋ። "አላልኩም እኔ? ለሀኪም ብርጭቆ የወጣ ምራቅ ለልጇ እንዴት ይጠፋል? ልቧ ነው! ዓርብ ጓሮ ትቀመጣለች።"

ጠይባ የእናቷን ነጠላ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው። አየሁ፤ ቀስ ብላ ጣት በጣት ነው የለቀቀችው። አዴ ዙቤዳ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የላይኛው ከንፈራቸው ጥርሳቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ። በጣታቸው አላቀቁት። ከዚያ የፈለጉትን ሳይናገሩ ተነሡ።

ሀኪሙ ያችን ጣት አያት። ከዚያ ብርጭቆውን እንደገና አነሣና ወደ መስኮቱ ወሰደው።

"አሰግድ፣ እኚህ እናት ጫት ይቅማሉ?"

ጠየቅኋቸው። "በየትኛው ጥርሴ?" አሉኝ።

"ታዲያ ይህ አረንጓዴ ከየት መጣ?"

ሁላችንም ወደ ራቢያ ጉንጭ ዞርን። ራቢያ አንገቷን ቀና አደረገች እንጂ አላፈረችም።

"እኔ ነኝ! እሷም ናት፣ ያችኛዋም ናት። ሁላችንም ነን። ታዲያ ሰው ቸግሮት አንገቱን ደፍቶ እያየን ዝም ብለን እንቁም? ሀኪሙ ብርጭቆው ይሙላ አለ፣ እሷ አጣች፣ እኛ አለን። እየመረቅናት ሞላንላት። 'ዳኚ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ቱፍ!' እያልን። ደግሞ ይኼ ምርቃት ነውና ወለል ላይ እንዳይደፋ፤ እግር የማይረግጠው ቦታ ይሁን።"

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሀኪም ወልደጻድቅ ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ድምፅ አልነበረውም።

"አሁን ደግሞ" አለ ዓይኑን ጠርጎ፣ "ማንም ሊረዳቸው የማይችል ነገር እናደርጋለን። ያን ሰውዬ ወደ ውስጥ ጥራው።"

ከጠረጴዛው መሳቢያ ያልተነካ የቀለም መምጠጫ ወረቀት አወጣና በመቀስ ቀጫጭን አድርጎ ቆረጠው። የአንዱን ጫፍ አጥፎ በአዴ ዙቤዳ ታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ሰካው፤ ወረቀቱ ጉንጫቸው ላይ ተንጠለጠለ። "ይጨፍኑና ዝም ብለው ይቀመጡ።" ራቢያን እጇን ወደ ኋላ እንድታደርግ አዘዝኳት፤ አፏንም እንድትዘጋ። ይህ ሁለተኛው ከብዷታል።

ጠበቅን። ከዲሮ ቆሞ ያያል። ጠይባም ከመስኮቱ ዞራ ታያለች። ወረቀቱ እንደገባ ደረቅ ሆኖ ወጣ፤ ቢበዛ ጫፉ ላይ በጥፍር የምትሸፈን እርጥበት ብትኖርበት ነው።

"ዓይናቸውም ደርቋል" አለ ሀኪሙ።

"ወረቀቱ ነው!" አለ ከዲሮ። "የመንግሥት ወረቀት ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው እውነት የተናገረው?"

"እንግዲያው ይቀመጡ" አለው ሀኪሙ፣ ሁለተኛውን ወረቀት እያጠፈ።

ከዲሮ ሰዉን ሁሉ አየ። ፈራ እንዳይባል ተቀመጠ። ወረቀቱ ዓይኑ ውስጥ እንደ ተሰካ ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ ርግብግብ አለ፣ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ራሰ። የተረፈው በጉንጩ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገባ። እኔ የለመደብኝን ጨምሬ ልናገር ብል ሸሚዙ ተጨመቀ እላለሁ፤ ግን አያስፈልገውም፤ ጺሙ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ።

"እልልል!" አለች ራቢያ። "ከዲሮ አለቀሰ!"

"አላለቀስኩም! ወረቀቱ ነው ያስለቀሰኝ!"

"ታዲያ እሷንስ ለምን አላስለቀሳትም?"

ከዲሮ ወረቀቱን ከዓይኑ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ የአዴ ዙቤዳን ወረቀት አየ። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አስተያየ።

"ለወንድሜ እንኳ እንዲህ አልወረደኝም" አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አዴ ዙቤዳ ያን ጊዜ ተናገሩ። ለማንም አልነበረም፤ ለጉልበታቸው ነው የሚናገሩት። "ባሌ የተቀበረ ዕለት ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ያቃጥለኝ ነበር። ውስጤ ያለቅሳል፣ ዓይኔ ደረቅ ነው። ሴቶቹ ያዩኛል። ያለቀስኩ እንዲመስላቸው ፊቴን በሻሼ ሸፈንኩ።"

"እኔም አይቼሽ ነበር" አለች ጠይባ። ሌላ አልጨመረችም፤ መጥታ ከእናቷ ጎን መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

ሀኪሙ አስረዳ፤ እኔም ተረጎምኩ። እንባና ምራቅ የሚያመነጩት እጢዎች ደርቀዋል። ከቂም ጋር አይገናኝም። የጣቶቻቸው እብጠትም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ፣ ከምግብ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ፣ ለዓይናቸው ጠብታ ይሰጣቸዋል። የሚያድን መድኃኒት የለኝም፣ ምናልባትም እየባሰ ይሄዳል አለ። አንድም ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። ደክሞኛል።

"እኔ አመንኩ" አለ ከዲሮ። "ግን የሙሽራው ወገን ይህን ሀኪም አላዩትም። ቢነገራቸውም 'ከዲሮ ተደልሎ ነው' ይላሉ። እነሱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የልጅቱ ራስ ረጥቧል ወይስ አልረጠበም? እዚሁ ትመርቃትና የረጠበውን ልይ። ካየሁ እመሰክራለሁ። ካላየሁ አልመሰክርም፤ እኔ በሐሰት አልምልም።"

"ውሃ ትጉረስና ትርጫት!" አለች ራቢያ።

"ውሃማ ዝናብም ያረጥባታል" አሉ አዴ ዙቤዳ። "የራሴ ካልሆነ ይቅር።"

ሀኪሙ ለሻዩ ያስቀመጣትን ግማሽ ሎሚ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣቸው። "ጥቂት የቀረ ካለ ይህ ያወጣዋል። ጥርስ ይጎዳል፤ ለዛሬ ብቻ።" ከዚያ ጭኑን ወደ ተረገጠው ሰው ሄደ።

ግቢው ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆምን። ወረፋ የያዘው ሰው ተራውን ረስቶ ከበበን። ጠይባ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ተንበረከከች። አዴ ዙቤዳ ሎሚውን መጠጡ፤ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ያበጡት ጣቶቻቸው ልጃቸው ራስ ላይ ዐረፉ።

"ወልደሽ ሳሚ" አሉ። "ደጅሽ ሰው አይጥፋበት። ላምሽ አትንጠፍ። ከእኔ የደረቀው ባንቺ ይርጠብ።"

ድምፃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ከንፈራቸውን አላቀቁ። ባላቸው አቅም ሁሉ ቱፍ አሉ።

የወጣችው የሎሚ ፍሬ ናት። አንዲት ነጭ የሎሚ ፍሬ በጠይባ ፀጉር መሐል ተቀመጠች። ሌላ ምንም የለም። እኔ ከሁሉም ይልቅ ቀርቤ ነው የቆምኩት፤ ፀጉሯ ላይ የነበረው የመንገዱ አቧራ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከዲሮ አንገቱን አስግጎ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። ያ ወረቀት የገባበት ዓይን አሁንም ውሃ ያቆራል።

"ደበዘዘብኝ" አለ። "አልታየኝም። ልጄ፣ ረጠብሽ?"

ጠይባ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። ፍሬዋን በጣቷ አገኘቻት፤ ምን እንደሆነች አወቀች። ጨብጣት ቆየች። ከዚያ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

"ረጥቤያለሁ" አለች።

"አንቺማ ትያለሽ። ያ አሰግድ! አንተ ቅርብ ነህ፣ አንተ ዘመድ አይደለህም። ረጠበች?"

ወረፋው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የጢቾን ጅብ ያወራሁላቸው ሰዎች ናቸው። አዴ ዙቤዳም አዩኝ፤ በእነዚያ አሸዋ በገባባቸው ዓይኖች።

"ረጠበች ወይ?" አልኩ። "ከዲሮ፣ እኔ ራሴ አጠገቧ ቆሜ በአንገቴ ገብቶ እስከ ቀበቶዬ ወርዶልኛል። ዣንጥላ የሌለው ሰው ወደዚህ እንዳይጠጋ! ይህን ምርቃት ጭላሎ ላይ ቢመርቁት ኖሮ፣ አዴ፣ አሰላን ጎርፍ ይወስዳት ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። ራቢያ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ከዲሮ ግን አልሳቀም። ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ትክ ብሎ አየኝ፤ እንደሚመስለኝ በደንብ ያያል።

"ውሸታም መሆንህ ዲክሲስ ድረስ ይሰማል" አለኝ።

"ይሰማል፣ አባቴ።"

"እኔ አላየሁም። ስለዚህ አልመሰክርም።" ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ዓርብ አንተ ትመጣለህ። ለሙሽራው ወገን ይህንኑ፣ እንዳልከው አድርገህ ትነግራቸዋለህ። ዣንጥላውን እንዳትረሳው።"

ከዚያ አዴ ዙቤዳን ራሱ ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣቸው። ጠይባ ልጓሙን ያዘች። ይህን ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ እናቷ ፊት እያየች ነው የሄደችው፤ ሁለት ጊዜ ድንጋይ አደናቅፏታል።

ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁና ምርቃቱን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከባሕር ዛፉ ግንድና ከአጥሩ መሐል ደፋሁት። ስመለስ ሀኪም ወልደጻድቅ በመስኮቱ ላይ ተደግፏል።

"ወጣ?" አለኝ።

"ፍሬ ወጣ፣ ጌታዬ። የሎሚ ፍሬ።"

"ምራቅስ?"

"ጠብታም የለ።"

ራሱን ነቀነቀ። ብርጭቆውን ተቀብሎኝ ባልዲው ውስጥ ነከረው።

"አውቄው ነበር" አለ። "የሚቀጥለውን ጥራ።"

ጠራሁ።